ጣት ይከላከላል ብላችሁ ስለሸጣችሁልኝ የክሪኬት ጫማ

ለሱቁ ባለቤትና ለማኔጀሩ፣

ጤና ይስጥልኝ። የትዕዛዝ ቁጥሩም ደረሰኙም የተላላክነው ቴክስትም እናንተ ጋ ስላለ ከመጀመሪያው አልጀምርም። "ሰኞ ደውዪ"፣ "ማኔጀሩ የለም"፣ "ሳፕላየሩ አልመለሰልንም" ስትሉኝ የአገሬ ልጆች ናቸው ብዬ ችዬ ነው የቆየሁት፣ ሜልበርን ውስጥ የክሪኬት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ጠፍቶ አይደለም እናንተ ጋ የመጣሁት። የባለፈው ቅዳሜው ግን ከአንጀቴ አልወጣ አለ።

ልጄ ቅዳሜ ከጨዋታ ሲመለስ እያነከሰ ነው የገባው፣ ካልሲውን ሲያወልቅ የግራ እግሩ አውራ ጣት አብጧል፣ ጥፍሩ ስር ደም ቋጥሮ ጠቁሯል። ያው የናንተን ጫማ አድርጎ ነው። ወዲያው ደወልኩ፣ ያነሳው ጫማውን የሸጠልኝ ልጅ ራሱ ነው፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። በትህትና "ወንድሜ እንደምን ዋልክ፣ ጣት ይከላከላል ያልከኝ ጫማ ነገር ነው፣ ልጄ ዛሬም ተመታ" አልኩት። "እና እኛ ምን እናድርግሽ?" አለኝ። "ጫፉ ላይ ከቆዳው ስር ጠንካራ ፕላስቲክ አለው፣ ድንጋይ ቢወድቅበት አይሰማውም ያልከኝ እኮ አንተ ነህ" ስለው "እሱ እንደ አባባል ነው፣ ልጅሽ እግሩን ማንሳት ይማር፣ የሚያስፈልገው ጫማ ሳይሆን አሰልጣኝ ነው" ብሎ ሳቀ። ከኋላው ሌላ ሰው አብሮት ሲስቅ ሰማሁ። ከዛ "ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እኔስ ታዲያ ምንድነኝ? ደንበኛ አይደለሁም? እናቱ የምሆን ሴት ነኝ፣ አንቺ ሲለኝ እንኳን ቅር አላለኝም ነበር፣ በልጄ ህመም መሳቁን ግን በምንም አላልፈውም።

እግሩን ያንሳ ለተባለው ደሞ መልስ አለኝ። ዮርከር የሚባለው ኳስ ሆን ተብሎ ባትስማኑ (ኳሱን በባት የሚመታው ተጫዋች) እግር ስር እንዲያርፍ ነው የሚወረወረው፣ የአዋቂዎቹ ኳስ ውስጡ ቡሽ ውጪው ቆዳ ሆኖ ወደ 160 ግራም ይመዝናል፣ እሱ በፍጥነት መጥቶ ጣት ላይ ሲያርፍ እግር ለማንሳት ጊዜ የለም። በ2019 የዓለም ዋንጫ የህንዱ ቪጃይ ሻንካር ልምምድ ላይ የቡድን ጓደኛው ቡምራ የወረወረው ዮርከር የእግር ጣቱን መትቶት ከውድድሩ ወጣ። በ2024 ጃንዋሪ እዚሁ አገር ብሪስበን ጋባ ስታዲየም የዌስት ኢንዲሱ ሻማር ጆሴፍ በአውስትራሊያዊው ስታርክ ዮርከር ጣቱን ተመትቶ ከሜዳ ወጥቷል፣ በማግስቱ ተመልሶ 7 ዊኬት ወስዶ (ሰባት ባትስማን አስወጥቶ) አውስትራሊያን ማሸነፋቸውን ክሪኬት የማያውቅ ሰው ሁሉ ሰምቷል። በ2025 ጁላይ ደሞ ማንችስተር ላይ የህንዱ ሪሻብ ፓንት ኳስ እግሩ ላይ አርፋ አጥንቱ ተሰብሯል። እነዚህ ሁሉ አሰልጣኝ አጥተው ነው? ባትስማን ሄልሜት አለው፣ ጓንት አለው፣ የጭን መከላከያ አለው፣ የቅልጥሙ መከላከያ ፓድ ግን ጫማው ማሰሪያ አካባቢ ያልቃል፣ ከዛ ወዲያ ያለችውን ጣት የሚጠብቃት ጫማው ብቻ ነው። ለዛ ነው እኔ ሌላ ምንም ሳልጠይቅ ስለ ጫፉ ብቻ ደጋግሜ የጠየቅኳችሁ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ጫፉን በአውራ ጣቴ ጫን ስለው ዝም ብሎ ገባ፣ እንደ ካልሲ። የውስጥ ንጣፉን አውጥቼ እጄን ከትቼ ዳሰስኩት፣ ፕላስቲክ የሚባል ነገር የለም፣ ስስ ስፖንጅ ነው የተለጠፈበት፣ እሱም በአንድ በኩል ሙጫው ለቅቋል። እኔ መጋዘን ነው የምሰራው፣ ጫፉ ጠንካራ ጫማ ምን እንደሚመስል እናንተ አትነግሩኝም፣ የስራ ቦቴ ጫፍ 200 ጁል ምት መቻል አለበት፣ የስራ ጫማ ደረጃው ነው። እሱን አድርጎ ይጫወት እንዳልል ይከብዳል፣ ባትስማን ራን (ነጥብ) ለማግኘት መሮጥ አለበት። ይሄንንም ገና ስገዛ ነግሬያችኋለሁ፣ ቀለል ያለ ግን ጫፉ የማይታጠፍ ነገር ፈልጉልኝ ብዬ፣ ካልሆነም ጫማው ውስጥ የሚገባውን የጣት መከላከያ ለብቻው እዘዙልኝ ብዬ። "ይሄ ካለሽ እሱ አያስፈልግሽም" ያለኝ ያው ልጅ ነው።

እስካሁን ዝም ያልኩትንም ልናገር። መጀመሪያ የላካችሁልኝ ሶሉ ላይ ስፓይክ (ሹል ብረት) ያለው ነበር፣ ልጄ የሚጫወተው ሰንቴቲክ ፒች (ሰው ሰራሽ ሳር የለበሰ መጫወቻ) ላይ እንደሆነ፣ ስሩ ኮንክሪት እንደሆነ ነግሬያችሁ፣ የጎማ ሶል ነው የሚያስፈልገው ብዬ። ለናንተ ስህተት መመለሻውን ያስከፈላችሁት እኔን ነው። ከዛ በፊት ጓንት ስገዛ የግራኝ ሰጥታችሁኛል። ጫማውን "ከገና በፊት ይደርሳል" ብላችሁ ዲሴምበር 25 አልፎ ስደውል "የኛን ገና ነው ያልንሽ" አላችሁኝ፣ የኛም ገና አልፎ ነው የመጣው፣ ልጁ ያን ሁሉ ጊዜ በአሮጌ ስኒከር ነው የተጫወተው።

መጀመሪያ ላስብ የነበረው ገንዘቤን ብቻ ልጠይቅ ብዬ ነው፣ አሁን ግን እሱ ብቻ አይበቃኝም። የጫማውን ሙሉ ዋጋ ከነማድረሻው፣ ስፓይኩን ለመመለስ የከፈልኩትንም ጨምራችሁ መልሱልኝ። ሀኪም ቤት ልወስደው ከስራ የቀረሁበትንም ክፈሉኝ። ገጻችሁ ላይ "ሙሉ የጣት መከላከያ" የሚለውን ጽሁፍ ዛሬውኑ አንሱት፣ የሌላ ሰው ልጅ አምኖት ሜዳ እንዳይገባ። ያ ልጅ ደሞ ይቅርታ ይጠይቅ፣ እኔን ሳይሆን ልጄን። ካሸሩ በላይ የለጠፋችሁት "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለው ወረቀት አያስፈራኝም፣ እዚህ አገር እንደዛ ብሎ መለጠፍ ራሱ ህገወጥ ነው፣ ዕቃው ከተነገረለት ጋ ካልገጠመና ጉድለቱ ከባድ ከሆነ ገንዘብ ይመለስልኝ ወይ ይቀየርልኝ ብሎ የሚመርጠው ገዢው ነው እንጂ ሻጩ አይደለም።

እስከሚቀጥለው አርብ መልስ ካላገኘሁ ቴክስቶቹንና የጫማውን ፎቶ ይዤ ለሸማቾች ጉዳይ መስሪያ ቤቱ ለኮንሲዩመር አፌርስ ቪክቶሪያ አመለክታለሁ፣ እዛ ካላለቀ እንዲህ ያለውን ክርክር የሚዳኘው ቪካት ድረስ እሄዳለሁ። በስልክ አትደውሉልኝ፣ የስልካችሁን ነገር አይቼዋለሁ፣ በጽሁፍ መልሱልኝ። ጫማው በካርቶኑ ተቀምጧል፣ መጥታችሁ ውሰዱት፣ እኔ ዳግመኛ ተሸክሜ አልመጣም።

ከአክብሮት ጋር
የልጁ እናት