ወንድሜ ለምን ቶሎ ቶሎ ይመለሳል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ታናሽ ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ሕመም አለበት። ባለፈው ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ገብቷል። በሦስተኛው የበሩ ዘበኛ «ዛሬም?» ሲለኝ ንድድ አልኩ።

መጀመሪያ ሲወጣ ክኒንና የቀጠሮ ካርድ ሰጡን፤ በቃ። ሲሻለው ማቆም እንደሌለበት የነገረን የለም። ወይ ነግረውን ይሆናል፣ በዚያ ግርግር ማን ይሰማል። ክኒኑ፣ ሃሎፔሪዶል የሚሉት፣ ደግሞ እጁን ያንቀጠቅጠዋል። ለጥምቀት ዘመድ ቤት ሄደን ቡና ሲሰጡት ሲኒው ተንቀጥቅጦ ነጠላው ላይ ፈሰሰ፣ ልጆቹም ሳቁ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ክኒኑን ምላሱ ስር እየደበቀ እንደሚያወጣው ያወቅሁት የትራሱን ልብስ ላጥብ ሳወልቅ ዱብ ዱብ ሲልብኝ ነው።

ክፋቱ፣ መድኃኒት ባቆመ ማግስት ምንም አይታይም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። እኛ «ዳነ» እንላለን፣ ጓደኛ ጫት ይጋብዘዋል። ከዚያ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ለብቻው ያወራል፣ የእናቴን ምግብ «መርዝ አለው» ብሎ ይገፋል። ያኔውኑ ብንወስደው ኖሮ በገመድ ታስሮ በባጃጅ ባልሄደ።

እናቴ ጠበል ትወስደዋለች፣ እኔም አልቃወምም። ግን እዚያ «ክኒኑን ጣሉት» የሚሉ አሉ። ለኤች አይ ቪ መድኃኒት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ጠበልና መድኃኒት አይጋጩም ብላ አስተምራ የለ? የአእምሮ ሕመም ሲሆን ምን ተለየ?

በሦስተኛው አንዲት ነርስ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ አስረዳችን። ለመንቀጥቀጡ መድኃኒት አለው፣ የክኒኑም መጠን ይስተካከላል፤ ክኒን ለሚያስቸግረው በወር አንዴ የሚወጋ መርፌም አለ። አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። ይህን ለመስማት ሦስት ጊዜ መምጣት ነበረብን? እኛስ ቅርብ ነን፤ ከደባርቅ፣ ከመተማ የሚመጣው መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮው ያልፈዋል፣ መድኃኒቱ መንግሥት ፋርማሲ ሲጠፋ ደግሞ ከውጭ መግዣ የለውም። ቢያንስ በሚወጣበት ቀን አስታማሚውን አስቀምጦ የሚያስረዳ፣ ቀጠሮ ሲያልፈው ስልክ የሚደውል አንድ ሰው ይመደብ።

ወንድሜ መርፌውን ከጀመረ አምስት ወር ሆነው። ቡና ግን አሁንም ግማሽ ሲኒ ነው የምቀዳለት።

አንዲት አስታማሚ፣ ከጎንደር