የቴክኖሎጂ ክበብ፦ ከአንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ጋር የከረምንበት ዓመት

ክበባችን በየዓመቱ ለሳይንስ አውደ ርዕይ ከካርቶንና ከሽቦ ብዙ ነገር ይሠራል። አውደ ርዕዩ ሲያልፍ ካርቶኑ መጋዘን ይገባል። ዘንድሮ ግን ተነጋግረን አንድ እውነተኛ ዕቃ ላይ ለመቆየት ወሰንን። ዕቃው ተበላሽቶ የነበረ፣ ሰው የሚፈልገው፣ ሲሠራ ደግሞ ወደ ሥራው የሚመለስ ይሁን አልን።

የተገኘችው አሮጌ ባለ 200 ሲሲ ያማሃ ናት። ረግጠውም፣ ቁልፍ ተጭነውም የሚያስነሷት ዓይነት። ባለቤቷ የአንዲት የክበባችን አባል አባት ናቸው። በግብርና ባለሙያነታቸው ከደብረ ማርቆስ እስከ ረቡዕ ገበያ ከተማ፣ ከዚያም አልፈው በጮቄ ተራራ ግርጌ ያሉ ቀበሌዎች ድረስ ለዓመታት ተመላልሰውባታል። የስናን ወረዳን ጭቃ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። «ቁልፉን ስጫነው ቀጭ ትልና ዝም ትላለች። ረግጬ እንዳላስነሳት ደግሞ ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ እስኪ ልጆቼ እዩልኝ» ብለው ትተውልን ሄዱ።

ልጆቹ ወዲያው ሞተሪኖውን፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ለመፍታት ተነሡ። አይፈረድባቸውም፣ መፍታት ደስ ይላል። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና መጀመሪያ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አወጣን። የክበባችን የዘንድሮ ሕግ ይህ ነበር፦ ያልተለካ ነገር አይፈታም።

ደህና ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሪኖው ሲዞር ብዙ የኤሌክትሪክ ጅረት ስለሚስብ ቮልቱ ይወርዳል፤ ከ10 ቮልት ብዙ ከወረደ ባትሪው ይጠረጠራል። የእኛው ደህና ነበር። የገረመን ግን ቁልፉ ሲጫንም ቮልቱ ከቦታው አለመነቃነቁ ነው። እዚህ ላይ ረጅም ክርክር ተነሣ፤ እኔም ሆን ብዬ አላቋረጥኩትም። ገሚሱ «ሞተሪኖው ተጣብቋል» አለ። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን «ቲቸር፣ ተጣብቆ ቢሆን ጅረቱ በጣም ይጨምርና ቮልቱ ይወርድ ነበር። ካልወረደ ጅረት አይሄድም፣ የሆነ ቦታ ተቆርጧል» አለ። ልክ ነው። የኦምን ሕግ በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፈነዋል፤ እንዲህ ሲሠራበት ማየት ግን ሌላ ነው።

«ቀጭ» የሚለው ሪሌው ነው፤ ቁልፉ ሲጫን የባትሪውን ኃይል ወደ ሞተሪኖው የሚያገናኝ ማብሪያ ማጥፊያ ማለት ነው። ቁልፉ ተጭኖ ሳለ በሁለቱ ወፍራም ሽቦዎቹ መካከል ስንለካ ቴስተሩ ወደ ዜሮ ቀረበ። ከሞተሪኖው ጫፍ እስከ አካሉ ስንለካ ደግሞ 12 ቮልት አገኘን፤ ስለዚህ ሪሌው ያስተላልፋል። ኤሌክትሪኩ ደጃፍ ደርሶ የሚከፍትለት አጥቷል ማለት ነው። አሁን መፍታት ተፈቀደ።

በመጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቀለ። ይህ የማይታለፍ ነው፤ ወፍራሙ ሽቦ በሪሌው በኩል ከባትሪ የሚመጣ ስለሆነ ሪሌው ባጋጣሚ ቢሠራና መፍቻ ቢነካው ብልጭታው ቀላል አይደለም። ከዚያ የጎማ ክዳኑን ገልጠን የሽቦውን ዳዶ ፈታን፣ ቀጥሎም ሞተሪኖውን የያዙትን ሁለት ቡሎኖች። አልወጣም። የዘይት መከላከያው የጎማ ቀለበት ደርቆ ተጣብቆ ነበር። መዶሻ የጠየቀ ልጅ ነበር፤ አልሰጠነውም። በውስጥ ግድግዳው ላይ የተለጠፉት ማግኔቶች እንደ ሸክላ የሚሰበሩ ናቸው። ዘይት አጠጥተን፣ ግራ ቀኝ እያወዛወዝን፣ ቀስ ብሎ ወጣ።

ክዳኖቹን ከመለየታችን በፊት መጋጠሚያቸው ላይ በሚስማር መስመር ጫርን፤ ሲገጠም መስመር ከመስመር ይገናኛል። ቀጫጭኑን ቀለበቶች በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ የሣለች ልጅ አለች። ያቺን ወረቀት በኋላ ደጋግመን ፈልገናታል።

ውስጡ በጥቁር የካርቦን ብናኝ ተሞልቷል። ጅረቱን ወደሚዞረው ክፍል ከሚያሻግሩት ሁለት ካርቦኖች አንዱ አልቆ ስፕሪንጉ በዘንጉ ላይ ካለው የመዳብ ክብ፣ ከኮሙቴተሩ ጋር ሊያገናኘው አልቻለም። የተቆረጠው እዚያ ነበር። በኮሙቴተሩ መዳቦች መካከል ያሉት ቀጫጭን ቦዮችም በብናኝ ተደፍነዋል። በተሰበረ የመጋዝ ምላጭ ቦዮቹን አንድ በአንድ ጠረግን፤ መዳቦቹን የሚለያየው የኤሌክትሪክ መከላከያ ከመዳቡ ዝቅ ማለት አለበት። ከዚያ በቴስተር አረጋገጥን፦ መዳብ ከመዳብ ይገናኛል፣ መዳብ ከዘንጉ ጋር ግን ፈጽሞ መገናኘት የለበትም። ደህና ነው።

የዓመቱ ትልቁ ትምህርት የመጣው ካርቦን ፍለጋ ላይ ነው። ለዚህች ሞተር ሳይክል የሚሆን በከተማው አላገኘንም። የግራይንደር (የብረት መቁረጫና መሞረጃ ማሽን) ካርቦን ግን በየሱቁ አለ፣ ልኩም ይቀራረባል። ልጆቹ ሊገዙት ሲሉ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። የግራይንደሩ ጥቁር ነው፤ የሞተሪኖው ቀላ ይላል። መዳብ ስላለበት ነው። ግራይንደር በ220 ቮልት ጥቂት ጅረት ይስባል። ሞተሪኖ ግን በ12 ቮልት በአሥሮች የሚቆጠር አምፒር ስለሚስብ ካርቦኑ ጅረቱን ብዙ መቃወም የለበትም። ስለዚህ ከአንድ ጋራዥ የመኪና ሞተሪኖ ካርቦን ለምነን አመጣን። ትልቅ ነው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ በሞረድ እየሞረደች፣ በማቀፊያው ውስጥ በነፃነት እስኪንሸራተት ድረስ አስተካከለችው። ከዚያ ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት በኮሙቴተሩ ላይ ጠቅልላ የካርቦኑን ፊት በክቡ ልክ አወጣችው። ትዕግሥቷን ያየ ሁሉ ዝም ብሎ ይመለከት ነበር። የካርቦኑን ሽቦ በስታኞ (ቀልጦ በሚያጣብቅ ብረት) ስንይዝ ስታኞው ወደ ሽቦው ብዙ እንዳይወጣ ተጠንቅቀናል፤ ሽቦው ከደረቀ ካርቦኑ አይንቀሳቀስም።

ሲገጠም አስቸጋሪው ማግኔቶቹ ሮተሩን (የሚዞረውን ክፍል) ከእጅ መንጠቃቸው ነው፤ አንዱ ካርቦኖቹን ወደ ኋላ ይዞ ሌላው ማስገባት አለበት። የጎማ ቀለበቱን ቀይረን ዘይት ቀባነው። የሽቦውን ዳዶ ስናጠብቅ የውስጡን ዳዶ በሌላ መፍቻ ይዘናል፤ ካልተያዘ ቡሎኑ ይዞርና ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ መከላከያ ይሰብራል።

ሞተር ሳይክሏ በመጀመሪያው ሙከራ ዞረች፣ ወዲያው ተነሣች። የግቢው ልጆች ሁሉ ተሰበሰቡ። ባለቤቷ መጥተው ራሳቸው ቁልፉን ተጫኑ፣ አጠፏት፣ እንደገና ተጫኑ። ልጆቹም አንድ ምክር ሰጧቸው፦ ከአምስት ሴኮንድ በላይ አይጫኑ፣ እምቢ ካለች አሳርፈው ይሞክሩ። የማርቆስ ጠዋት ብርዳም ነው፤ ዘይቱ ይወፍራል፣ ሞተሪኖውም ይደክማል።

በዓመቱ ሌሎች ሥራዎችም ነበሩ። የኤሌክትሪክ አደጋ መከላከያ ትምህርት ለ9ኛ ክፍሎች ሰጥተናል፣ የቤተ ሙከራውን የተበላሹ ሶኬቶችም ቀይረናል። በአውደ ርዕዩ ላይ ያለቀውን ካርቦንና የተጠረገውን ኮሙቴተር በፎቶ አቅርበን ልጆቹ ራሳቸው አብራርተዋል። የመጀመሪያው ባለ ኤሌክትሪክ ማስነሻ ካዲላክ በ1912 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መውጣቱን የነገሩ ጊዜ «ከዚያ በፊትስ?» ያለ ብዙ ነው። በእጅ ማዞሪያ ነበር፤ መልሶ ሲመታ ክንድ የሚሰብር።

ለሚቀጥለው ዓመት ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚያደባልቀውን ክፍል) ልንጀምር አስበናል። ሞርሳ (ዕቃ ጨብጦ የሚይዝ መሣሪያ) እና አንድ ተጨማሪ ቴስተር ያስፈልገናል። ቤቱ የማይሠራ ሞተሪኖ ወይም ዲናሞ ያለው ወላጅ ካለ ለመማሪያ ቢሰጠን ደስ ይለናል፤ ቤተ ሙከራው ድረስ ማምጣት ይቻላል። ምዝገባው መስከረም ውስጥ ነው፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችም ትችላላችሁ።