ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለላክሽልኝ የጉዞ ዕቅድ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? የላክሽልኝን የጉዞ ዕቅድ ከእናትሽ ጋር ሆነን ደጋግመን አነበብነው። ከኢስታንቡል ተነሥተሽ፣ ሶፊያን፣ ቤልግሬድን፣ ቡዳፔስትንና ቪየናን አቋርጠሽ እስከ ፓሪስ፣ መሄጃውንና መመለሻውን በአውሮፕላን፣ መካከሉን በባቡርና በአውቶቡስ፣ ያለ አስጎብኚ ብቻሽን ለመጓዝ ማሰብሽ እናትሽን እንቅልፍ ቢነሣትም እኔን አላስደነገጠኝም። እኔን ያስደነገጠኝ ሠንጠረዡ ነው። በ30 ቀን ውስጥ 14 ከተሞችን ደርድረሻል፤ ከአንዱ ወርደሽ በሌላው የምትሳፈሪበት ፋታም አንዳንድ ቦታ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ወጪውን እስከ ሳንቲም ድረስ ማስላትሽን አደንቃለሁ። ነገር ግን በጥቂት ገንዘብ የሚጓዝ ሰው የጎደለውን የሚሞላው በጊዜ ነው፤ አንቺ ግን ጊዜውንም እንደ ገንዘቡ አጥብቀሽ ቆጥበሽዋል።

እኔም በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ ይህንኑ ስሕተት ሠርቻለሁ። ከሁለት አየር መንገዶች ሁለት ርካሽ ቲኬቶችን ለየብቻ ገዝቼ፣ በመካከላቸው አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ትቼ ተነሣሁ። የመጀመሪያው አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ዘገየ። ሻንጣዬን ተቀብዬ፣ የመግቢያውን ፍተሻ አልፌ፣ እየሮጥሁ ወደ ሁለተኛው መሳፈሪያ ስደርስ የጠበቀኝ የተዘጋ መስኮትና ወለል የምትወለውል አንዲት ሠራተኛ ብቻ ነበረች። ሌሊቱን በዚያው ወለል ላይ አሳለፍሁ፤ በማግስቱ የገዛሁት ቲኬትም የፊተኞቹ ሁለቱ በአንድነት ካስወጡኝ በላይ አስወጣኝ። የመጀመሪያው አየር መንገድ ዘግይቶም ቢሆን አድርሶኛል፤ ሁለተኛውም በሰዓቱ ተነሥቷል፤ ስለዚህ የምከሰው ሰው አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር የተገዛ ተከታታይ በረራ ከሆነ፣ በመጀመሪያው መዘግየት ምክንያት ሁለተኛው ሲያመልጥሽ አየር መንገዱ በሌላ በረራ አሳፍሮ መድረሻሽ ድረስ የማድረስ ግዴታ አለበት። ለየብቻ ከተገዙ ግን ሁለቱ ቲኬቶች አይተዋወቁም። ሻንጣሽም እስከ መጨረሻው አይሄድልሽም፤ ወጥተሽ መቀበል፣ እንደገናም ማስመዝገብ አለብሽ፤ ለመውጣት ደግሞ የዚያ አገር ቪዛ ሊያስፈልግሽ ይችላል። ይህን ስል ለየብቻ መግዛትን መከልከሌ አይደለም፤ ልዩነቱ ብዙ ከሆነ እኔም እገዛለሁ፤ ነገር ግን በመካከላቸው አንድ ሌሊት አሳድራለሁ፤ ያቺንም ሌሊት ከጉዞው እንደ አንድ ከተማ እቆጥራታለሁ። ሌላም ወጥመድ አለ፤ በአንድ ቲኬት ላይ ካሉት በረራዎች የመጀመሪያውን ሳትሳፈሪ ከቀረሽ፣ አብዛኞቹ አየር መንገዶች መመለሻውን ጨምሮ የቀሩትን በሙሉ ይሰርዙብሻል።

ከፓሪስ ስትመለሺ የመረጥሽው ርካሽ በረራ የሚነሣው ከቦቬ መሆኑን አስተውለሻል? ቦቬ በስሙ ላይ ፓሪስ ይጨመርበት እንጂ ከከተማው ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ሌላ ከተማ ነው፤ ከፓሪስ የሚነሣው አውቶቡስም ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ከንጋቱ በ06፡30 (በእኛ አቆጣጠር 12፡30) ለሚነሣ አውሮፕላን በስንት ሰዓት ከአልጋሽ ልትነሺ እንደሆነ አስቢው። የአውቶቡሱን ዋጋ፣ የሻንጣውን ክፍያና ያልተኛሽውን እንቅልፍ ደምረሽ ከዋናው አየር ማረፊያ ከሚነሣው በረራ ጋር ብታስተያዪው፣ ቆጠብሁ ያልሽው ገንዘብ ከግማሽ በላይ ሲቀልጥ ታያለሽ። ከእነዚህ ርካሽ አየር መንገዶች አንዳንዶቹ ቦርዲንግ ፓሱን አስቀድሞ በስልክ ላላወጣ መንገደኛ እዚያው ያስከፍላሉ፤ የእጅ ቦርሳንም በበሩ ላይ በብረት ሣጥን ይለኩታል። ቦርሳሽ ከሣጥኑ ካለፈ ክፍያው ከቲኬቱ ሊበልጥ ይችላል። በ00፡30፣ ማለትም ከእኩለ ሌሊት ሠላሳ ደቂቃ በኋላ፣ ይነሣል የሚል ቲኬት ካየሽም ቀኑን ሁለት ጊዜ አንብቢው፤ የ15ኛው ቀን 00፡30 ማለት በ14ኛው ቀን ማታ አየር ማረፊያ ትገኛለሽ ማለት ነው። በዚህ የተሳሳቱ ጎበዝ ሰዎችን አውቃለሁ።

መብትሽን ደግሞ እወቂ። ከአውሮፓ ኅብረት አገር ለሚነሣ ማንኛውም በረራ ቁጥር 261 የተባለው የኅብረቱ የ2004 እ.ኤ.አ. ደንብ ያገለግልሻል፤ የአየር መንገዱ ዜግነትም ሆነ የቲኬቱ ርካሽነት ለውጥ አያመጣም። በአየር መንገዱ ጥፋት መድረሻሽ ላይ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይተሽ ከደረስሽ፣ እንደ ርቀቱ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ካሣ ይከፈልሻል። ምክንያቱ እንደ ከባድ የአየር ሁኔታ ያለ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ከሆነ ካሣው ይቀራል፤ በዚያን ጊዜም ቢሆን ምግብና፣ ሌሊቱን የምታድሪ ከሆነ፣ ማደሪያ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። ሳትጠይቂ የሚሰጥሽ እንዳይመስልሽ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፤ ይኸውም ቪዛው ነው። ለሼንገን፣ ማለትም በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ላስቀሩት የአውሮፓ አገሮች፣ ቪዛ ያዘጋጀሽው ማመልከቻ ላይ አንድ ጊዜ መግቢያ የሚለውን መርጠሻል። የተጠቀምሽበት የጉዞ መጽሐፍ አሮጌ ይመስለኛል። ቡልጋሪያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በየብስ ድንበሯም ጭምር ሙሉ በሙሉ ከሼንገን ገብታለች፤ ስለዚህ ከቱርክ ወደ ሶፊያ ስትሻገሪ መግቢያሽ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ሰርቢያ ግን ከሼንገን ውጭ ናት። ወደ ቤልግሬድ ስትወጪ ያቺ አንድ መግቢያ አለቀች፤ ከዚያም በሃንጋሪ ድንበር ላይ ፓስፖርትሽ ውስጥ ቀኑ ገና ያላለቀ፣ ነገር ግን የማያስገባ ቪዛ ይዘሽ ትቆሚያለሽ። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ጠይቂ፤ ለምን እንዳስፈለገሽም መንገድሽን በቅደም ተከተል ጽፈሽ አስረጂ። በሶፊያ የምትቆዪባቸው ቀናትም በ180 ቀን ውስጥ ከተፈቀደው 90 ቀን ይቀነሳሉ፤ ከዚህም በላይ በቪዛው ላይ የተጻፈልሽ የቀን ብዛት ከ90 ሊያንስ ስለሚችል እሱን አጥብቀሽ ያዢ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 12 ቀን 2025 በተጀመረው አዲስ አሠራር መግቢያና መውጫሽ በጣት አሻራና በፊት ምስል እየተመዘገበ ቀኑን ኮምፒውተር ይቆጥረዋል፤ የደበዘዘ ማህተም አሳይቶ መከራከር እየቀረ ነው። ማመልከቻው ከጉዞው ከ6 ወር በፊት ጀምሮ ሊገባ ይችላል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠይቃል። ኢንሹራንሱን ስትገዢ ግን ለሼንገን ብቻ የሚሠራውን አትግዢ፤ እግርሽ በሰርቢያ ወይም በቱርክ ቢሰበርስ?

ከኢስታንቡል ወደ ሶፊያ የመረጥሽው የሌሊት ባቡር ጥሩ ምርጫ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ልንገርሽ። ኦሪየንት ኤክስፕረስ የተባለው የጥንቱ ዝነኛ ባቡር ይቆምበት የነበረው ሲርኬጂ ጣቢያ በመሐል ከተማ ስለሚገኝ ብዙዎች ወደዚያ ይሄዳሉ፤ የሶፊያው ባቡር ግን የሚነሣው በከተማው ምዕራባዊ ዳርቻ ካለው ከሃልካሊ ነው። ሁለተኛው፣ ካፒኩሌ የተባለው የድንበር ጣቢያ ላይ በእኩለ ሌሊት ገደማ ሁሉም ተሳፋሪ ወርዶ ፓስፖርቱን ያስመታል፤ ከዚያም ከድንበሩ ወዲያ ማዶ የቡልጋሪያ ፖሊሶች እንደገና ይቀሰቅሱሻል። የማደሪያ ዋጋ ይቀርልሻል፤ እንቅልፉ ግን ሙሉ አይሆንም። ስለዚህ በሠንጠረዥሽ ላይ ሁለት የሌሊት ጉዞ በተከታታይ ያደረግሽበትን ቦታ ቀይሪው።

ከሶፊያ እስከ ቤልግሬድ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በአውቶቡስ አድርጊው። ካርታው ላይ ሐዲድ ስላየሽ ባቡር አለ ብለሽ አትደምድሚ፤ በባልካን አገሮች ከባቡር ይልቅ አውቶቡስ ይቀናል፣ ይፈጥናልም። ረዳቱ ለሻንጣሽ ለብቻው ጥቂት ሳንቲም ሊጠይቅሽ ይችላል፤ የተለመደ ስለሆነ አትከራከሪው፤ ይልቅ የአገሩን ዝርዝር ገንዘብ ያዢ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምንሽ። ከቡዳፔስት በኋላ ከጻፍሻቸው ከተሞች አራቱን ሰርዢና ከቤልግሬድ ባር ወደተባለችው የሞንቴኔግሮ የወደብ ከተማ በሚወርደው ባቡር ተሳፈሪ። እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተ፣ 476 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 254 ዋሻዎች ያሉት ሐዲድ ሲሆን፣ የሞንቴኔግሮን ተራራ ወርዶ አድሪያቲክ ባሕር ዳር ያደርስሻል። ማላ ሪየካ የሚባለው ድልድይ ከሸለቆው ወለል 198 ሜትር ከፍ ይላል። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፣ ይዘገያልም፤ የሚቀጥለውን ጉዞ በማግስቱ ካደረግሽው ግን መዘግየቱ አይጎዳሽም፤ መስኮቱን ይዘሽ መቀመጥ ነው። ሞንቴኔግሮም ከሼንገን ውጭ ስለሆነች ቀንሽን አትበላብሽም፤ የሰርቢያንና የሞንቴኔግሮን የመግቢያ ደንብ ግን ከቆንስላቸው አረጋግጪ።

በአንድ ክፍያ በብዙ አገር ባቡሮች የሚያሳፍረውን የባቡር ማለፊያ ካርድ በተመለከተ፣ ኢንተርሬይል ለአውሮፓ ነዋሪዎች፣ ዩሬይል ደግሞ ለሌላው ዓለም ነዋሪ የተዘጋጁ ናቸውና አንቺን የሚመለከትሽን ለይተሽ ተመልከቺ። ለአንቺ መንገድ ግን የሚያዋጣ አይመስለኝም። ግማሹ ጉዞሽ አውቶቡስ ነው፤ በፈረንሳይ ፈጣን ባቡሮች ደግሞ ካርዱን ይዘሽም ለመቀመጫ ለብቻ ትከፍያለሽ። ከቡዳፔስት ወደ ምዕራብ ያሉት የረጅም መንገድ ቲኬቶች ዋጋቸው እንደ አውሮፕላን ቀኑ እየቀረበ ሲሄድ ስለሚወደድ እነሱን አስቀድመሽ ግዢ። በባልካን ያሉትን ግን እዚያው ጣቢያው ላይ ብትገዢ ዋጋው ያው ነው፤ ሐሳብሽን ለመቀየርም ነፃ ትሆኛለሽ።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም፤ ታውቂበታለሽ። የክፍያ ማሽኑ ወይም ኤቲኤሙ «በራስሽ አገር ገንዘብ ላስከፍልሽ?» ሲልሽ ሁልጊዜ በሚገኙበት አገር ገንዘብ የሚለውን ምረጪ፤ የሚያቀርብልሽ ምንዛሪ የሚጠቅመው እሱኑ ነው። ቡልጋሪያ እ.ኤ.አ. ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ በዩሮ ስለምትገበያይ አንድ ምንዛሪ ቀርቶልሻል። የሰርቢያን ዲናር ግን ከአገሩ ውጭ የሚቀበልሽ ስለማይኖር ከመውጣትሽ በፊት ጨርሺው። ሁለት ካርድ ያዢ፤ ሁለቱንም በአንድ ቦርሳ አታድርጊያቸው።

ማደሪያን በተመለከተ ሆስቴል መምረጥሽን እደግፋለሁ። ይህን ሐሳብ የጀመረው ሪቻርድ ሺርማን የተባለ ጀርመናዊ አስተማሪ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ቋሚ ሆስቴል እ.ኤ.አ. በ1912 በአልቴና ግንብ ውስጥ ከፍቷል፤ እንግዶቹም እንደ አንቺ በጥቂት ገንዘብ አገር ለማየት የወጡ ወጣቶች ነበሩ። የሴቶች ብቻ ክፍል ካለ እሱን ያዢ፤ በየአዲሱ ከተማ የመጀመሪያውን ሌሊት አስቀድመሽ ያዢና የቀረውን ክፍት ተዪው፤ መድረሻሽም በብርሃን ይሁን። ይህ የመጨረሻው ነጥብ የእናትሽ ትእዛዝ ነው፤ እኔም ተስማምቻለሁ። በቀን የሚደርሰው አውቶቡስ ዋጋው ቢጨምር ልዩነቱን እኔ እከፍላለሁ።

በዚህ ፖስታ ውስጥ ለሆስቴሉ ሣጥን የሚሆን ትንሽ ቁልፍና ሁለት ባለ 50 ዩሮ ኖቶች አስቀምጬልሻለሁ። ኖቶቹን ከካርዶችሽም ከሌላው ገንዘብሽም ለይተሽ፣ ባቡር ወይም አውሮፕላን ላመለጠሽ ቀን ብቻ ያዣቸው፤ ካላመለጠሽ ስትመለሺ ትመልሺልኛለሽ። የተስተካከለውን ሠንጠረዥ ማመልከቻውን ከማስገባትሽ በፊት ላኪልኝ፤ ከ10 ከተማ በላይ ካየሁ መልሼ እልከዋለሁ።

የሚወድሽ አባትሽ