«ዕረፍቱን እንዴት አሳለፋችሁ?» የሚለውን ጥያቄ እንተወው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት ሊያልቅ ሲል ጋዜጣውም ሬዲዮውም ለወላጆች ምክር ያበዛል። ልጆቹን በጊዜ አስተኟቸው፣ ቦርሳቸውን ፈትሹ፣ ደብተራቸውን አሟሉ። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን ልጁ ቦርሳውን አንጠልጥሎ የክፍሉን በር ካለፈ በኋላ ምን እንደሚጠብቀው የሚጽፍ ሰው ብዙም አላየሁም። እኔ መምህር ነኝ። ያን የመጀመሪያ ቀን ለብዙ ዓመታት ሳበላሸው ስለኖርኩ፣ ስለ እሱ የመናገር መብት ያለኝ ይመስለኛል።

እንዴት አበላሸው እንደነበር ልንገራችሁ። ገብቼ ስም እጠራለሁ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ «ዕረፍቴን እንዴት አሳለፍኩ» ብዬ እጽፍና አንድ ገጽ ሙሉ እላቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ይህን የማደርገው ለልጆቹ ብዬ አልነበረም። እነሱ ሲጽፉ እኔ ያልጨረስኩትን የሳምንት ዕቅድ ልጨርስ ነው። (መምህራን አትሳቁ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ።)

አንድ ዓመት አንዲት ተማሪ በአውሮፕላን ሄድኩ ብላ ጻፈች። ሦስተኛው መስመር ላይ «የአውሮፕላኑን መስኮት ከፍቼ ደመናውን በእጄ ነካሁት» ይላል። በቀይ አሰመርኩበት። እሱ አልበቃ ብሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለክፍሉ አነበብኩት። ክፍሉ በሙሉ አውካካ። እሷም ሳቀች፣ ወይም ለእኔ የሳቀች መሰለኝ። ከሳምንት በኋላ እናቷ ለሌላ ጉዳይ መጥተው በወሬ መሐል እንደነገሩኝ፣ ልጅቷ ዕረፍቱን በሙሉ የታመመ ታናሽ ወንድሟን ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ከቤት አልወጣችም።

ጥያቄው ሲያዩት ተራ ነው። ለመጠየቅ ምንም አያስወጣም፣ ለመመለስ ግን ገንዘብ ይፈልጋል። የትም ያልሄደው ምን ይጻፍ? ቤቱ ጠብ የነበረበት ምን ይጻፍ? ሐዘን ላይ የከረመውስ? አንዱ ይዋሻል፣ ሌላው «ደስ የሚል ነበር» ብሎ በአንድ መስመር ይገላገላል። ሁለቱም በመጀመሪያው ሰዓት ማን ከማን እንደሚበልጥ ተነግሯቸዋል፣ ያውም በመምህራቸው አፍ።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ገና በሩ ሲከፈት ፈተና የሚያቀርቡ አሉ። እሠራበት በነበረ አንድ ትምህርት ቤት፣ ተማሪ ዕረፍት ላይ እንዲያጠና ይጠቅማል ተብሎ፣ ሁሉም ክፍል በተመለሰበት ቀን ይፈተን ተባለ። ማርኩም ተያዘ። ውጤቱ ወረደ። ምን አወቅን? ሰው ለሁለት ሳምንት ያልነካውን ነገር እንደሚረሳ። ይህን ለማወቅ ያን ሁሉ ወረቀት ማባዛት አያስፈልግም ነበር። ሄርማን ኤቢንግሐውስ የሚባል ጀርመናዊ ራሱን በራሱ ሲፈትን ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳትሞታል። ትርጉም የሌላቸው አጫጭር ድምፆችን በዝርዝር እየሸመደደ፣ ቆይቶ ደግሞ እንደገና ለማጥናት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ይለካ ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከድካሙ ከግማሽ በላዩ ከንቱ ይሆንበታል። ከአንድ ወር በኋላም ቢሆን ግን አንድ አምስተኛ ያህሉ ይተርፈዋል፣ ማለትም ያንኑ ዝርዝር ሲደግመው እንደ አዲስ አይደክምም። እንግዲህ ይህ ለማንም ስሜት በማይሰጥ ድምፅ ነው። ትርጉም ያለው ትምህርት ደግሞ ከዚህ የተሻለ ይቆያል። ስለዚህ ልጁ የረሳ ቢመስልም ከባዶ አይደለም የሚጀምረው። የኛ ሥራ የተኛውን መቀስቀስ ነው፣ በዱላ ሳይሆን።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ከሁሉ የምወደው ባዶ ገጽ የምንለው ነው። ደብተር ይዘጋል። አንድ ባዶ ወረቀት ይወጣል። ከዕረፍቱ በፊት ስንማረው ከነበረው ምዕራፍ የምታስታውሱትን ሁሉ ጻፉ፣ ሰባት ደቂቃ አላችሁ፣ ማርክ የለውም፣ እኔም አልሰበስበውም እላለሁ። «አልሰበስበውም» የምትለዋ ቃል ናት ክፍሉን የምታላቅቀው። የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ሁሉም ይጽፋል። ሁለተኛው ላይ እስክሪብቶው ይቆማል። አንዱ ጣሪያውን ያያል፣ አንዷ ጸጉሯን ትጠመዝዛለች፣ አንዱ «ቲቸር አለቀብኝ» ይላል። እዚህ ላይ ዝም ማለት አለብኝ፣ ይህ ለእኔ ከባዱ ክፍል ነው። አራተኛው ደቂቃ አካባቢ ሁለተኛው ጎርፍ ይመጣል። አንድ ልጅ ስለ ውሃ ዑደት ምንም አልታየው ብሎ ሲጨነቅ ቆይቶ፣ እኔ ያን ቀን ሰሌዳው ላይ የሣልኩት ደመና በግ እንደሚመስል የተሳሳቅነውን አስታወሰ። ከበጉ ተነስቶ ትነቱንም፣ ዝናቡንም፣ ወደ መሬት የሚሰርገውንም ውሃ አንድ በአንድ ጎትቶ አወጣው።

ሰባቱ ደቂቃ ሲያልቅ ከሥሩ መስመር ያሰምሩና በሌላ ቀለም ወይም በእርሳስ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር ተነጋግረው የጎደለውን ይጨምራሉ። በሌላ ቀን ኩረጃ የምንለውን ዛሬ እንፈቅዳለን ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ደብተር ይከፈትና የቀረው ይሞላል። ልጁ ወረቀቱን ሲያይ የራሱን፣ የጓደኛውን እና የደብተሩን ለይቶ ያያል። የት ጋ እንደላላ እኔ ልነግረው አያስፈልገኝም።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ሮዲገር እና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ አንድ ጽሑፍ ካነበቡ ተማሪዎች ከፊሎቹ ደግመው እንዲያነቡት፣ ከፊሎቹ ደግሞ ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሳያዩ የጻፉት ከመቶ 56 ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ደግመው ያነበቡት 42 ላይ ቀሩ። እኔ በበኩሌ ለስንት ዓመት «ክለሳ» እያልኩ ያንኑ ማስታወሻ ሰሌዳ ላይ ስገለብጥ ነበር። ልጆቹም ይገለብጣሉ፣ ሁላችንም የሠራን ይመስለናል።

ሁለተኛው ነገር የእኔን ስህተት ማደን ነው። ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ እሠራለሁ፣ ሆን ብዬ አበላሽቼ። ለምሳሌ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብዬ በሙሉ ልብ እጽፍና ጠመኔውን አስቀምጣለሁ። ስህተት እንዳለው አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ፣ አለበለዚያ የሚያምነኝ አይጠፋም። ከዕረፍት የመጣ፣ ዓይኑ ገና በእንቅልፍ ያበጠ ልጅ እንኳ መምህሩን ለማረም ሲሆን ይነቃል። አብዛኞቹ «ታችኛው ቁጥር አይደመርም» ብለው የሸመደዱትን ሕግ ይነግሩኛል። ባለፈው ግን ከኋላ ወንበር አንዱ፣ ብዙም የማይናገር ልጅ፣ «ግማሹ ብቻውን እኮ ከሁለት አምስተኛ ይበልጣል፣ ተጨምሮበት እንዴት ያንሳል?» አለ። ሕጉን አልጠቀሰም። ነገሩን አየው። ያን ልጅ በፈተና ብቻ ብለካው ኖሮ ይህ ጭንቅላቱ ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር።

የክፍል ሥርዓትን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ልጆች ከዕረፍት ሲመለሱ የሚረሱት ሒሳብ ብቻ አይደለም፣ እንዴት እንደሚገቡ፣ ወረቀት እንዴት እንደሚያቀብሉ፣ መናገር ሲፈልጉ ምን እንደሚያደርጉም ጭምር ይረሳሉ፣ እኛ ደግሞ ይህንን እንደ ድፍረት ቆጥረን በመጀመሪያው ቀን እንቆጣለን። ከቁጣው ይልቅ መለማመድ ይሻላል። ወጥታችሁ እንደገና ግቡ፣ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅባችሁ ልቁጠር ብትሏቸው ትንንሾቹ ጨዋታ ያደርጉታል። ትልልቆቹ ዓይናቸውን ያንከባልላሉ፣ ግን ይገባሉ። እኔም እኮ እረሳለሁ። ዘንድሮ ሁለት ሳምንት ብቻ ተለይቼው የቆየሁትን ልጅ ስም ፊቱ ቆሜ አጣሁት።

እንቅልፍን ለወላጆች ብቻ አንተወው። የእንቅልፍ ሐኪሞች እንደሚመክሩት ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ያለው ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ዕረፍት ላይ እኩለ ሌሊት ሲተኛ የከረመ ወጣት በአንድ ምሽት አይስተካከልም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የጠዋት ክፍለ ጊዜ ላይ አዲስ ምዕራፍ አልጀምርም። ተነስተው የሚንቀሳቀሱበትን፣ የሚነጋገሩበትን ነገር አመጣለሁ።

«ፖርሽን ማን ይጨርስልሃል?» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። አልፈርድባቸውም፣ ለዓመቱ የተመደበው ይዘት ካልተሸፈነ የሚጠየቀው መምህሩ ነው። ግን እኔ ከቆጠርኩት ይህ ሁሉ የሚወስድብኝ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ነው። በፊት በመጀመሪያው ቀን በአዲስ ምዕራፍ ስንደረደር የነበረ ጊዜ፣ በሦስተኛው ሳምንት ቆሜ ያለፈውን እንደገና ሳስተምር እገኝ ነበር። ያኔ የባከነውን የሚቆጥርልኝ አልነበረም፣ ምክንያቱም ዕቅዱ ላይ ተሸፍኗል ተብሎ ተጽፏል።

ስለ ዕረፍቱ ጭራሽ አይወራ ማለቴም አይደለም። ልጆች ማውራት ይፈልጋሉ፣ ይገባቸዋልም። እኔ አሁን የምጠይቀው «ምን ገረማችሁ?» ነው። እያንዳንዱ ሰሞኑን የገረመውን አንድ ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል፣ ስም አይጻፍም፣ ታጥፎ ከካርቶን በሠራነው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ለዚህ መሄድ አያስፈልግም። ቤቱ የዋለም ይገረማል፣ እንዲያውም አንዳንዴ እሱ ይብሳል። ለሚቀጥሉት ሳምንታት በየቀኑ አንድ ወረቀት እናወጣና የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች እሷ ላይ እናጠፋለን። ሲበርድ ከአፍ ለምን ጭስ ይወጣል? የሚል ወጥቶ ያውቃል። ጭስ ሳይሆን የትንፋሻችን እንፋሎት ቅዝቃዜው ሲያገኘው ወደ ጥቃቅን የውሃ ነጠብጣብ ተለውጦ ነው እስክንል ድረስ ግማሹ ክፍል እጁ ላይ ሲተነፍስ ቆየ። «ድመታችን ስሟን ታውቃለች ወይስ ድምፄን?» የሚልም ነበር። እሱን አልቻልኩትም፣ የቤት ሥራ ሆነ።

ሳጥኑን በጀመርኩበት ዓመት ያቺ ልጅ አሁንም እኔ ክፍል ነበረች። በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ከሳጥኑ አንድ ወረቀት አወጣሁ። «የአውሮፕላን መስኮት ለምንድን ነው የማይከፈተው?» ይላል። ስም የለውም፣ ጽሕፈቱን ግን አወቅኩት። አምስት ደቂቃ አልበቃችንም። አሥር ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ አየሩ ለመተንፈስ እንደማይበቃ፣ ቅዝቃዜውም ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ አካባቢ እንደሚደርስ፣ ስለዚህም ከውስጥ አየሩ ተጨምቆ እንደሚያዝ ሰሌዳው ላይ ሣልኩ። አንዱ መስኮቱ ድንገት ቢከፈትስ ብሎ ጠየቀ። ሌላው ደመናውን ብንነካው እርጥብ ነው ወይ አለ። እርጥብ ነው አልኩት፣ ጉም እጅህን እንደሚያረጥብህ። ማንም አልሳቀም። እሷ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ቁጥር ደብተሯ ላይ ትጽፍ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የክፍል መምህር