ለትዕግሥት፣ ከዊኒፔግ

ውድ ትዕግሥት፣

ተጠፋፋን እኮ! እንዴት ከርመሻል? እማማ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኛ ደህና ነን፤ የዊኒፔግ ብርድ ግን አይለመድም።

መጨረሻ ስናወራ «እዚያ ሥራሽ ምንድን ነው?» ብለሽኝ ስልኩ ተቋረጠ። መልሱን ይኸው፦ ሶሻል ወርከር ነኝ፤ የቤተሰብና የልጆችን ጉዳይ የምከታተል የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ማለት ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

በካናዳ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ሶሻል ወርከር ማለት ልጅ ወሳጅ ነው። ስመጣ ሲያዩኝ በር የሚዘጉብኝ አሉ። አልፈርድባቸውም። መጀመሪያ መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት ከ150,000 በላይ ልጆቻቸውን አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቡ፤ በቋንቋቸው እንዳይናገሩ ከለከሉ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የኛ ሙያ ሰዎች ቀጠሉበት። 20,000 ያህል ልጆች ለማያውቋቸው፣ በአብዛኛው ነጭ ለሆኑ ቤተሰቦች ተሰጡ። ፋይሉ ላይ «እንክብካቤ ጎድሎታል» ይባላል። የጎደለው ግን ብዙ ጊዜ ገንዘብ ነበር። ቤቱ ጠቧል፣ ወይም ልጁን የሚያሳድጉት አያቱ ናቸው። በዚህ ሂሳብ አንቺንና እኔን ማን ይተወን ነበር!

ያለፈ ታሪክ እንዳይመስልሽ። እዚህ እኛ ክፍለ ሀገር ማኒቶባ እስከ 2020 አጋማሽ ድረስ እናትየዋ ገና ሳትወልድ «ስትወልድ አሳውቁን» የሚል ማስጠንቀቂያ ከልጆች ጥበቃ ቢሮ ለሆስፒታሉ ይላክ ነበር። በ2021ዱ ቆጠራ ከ15 ዓመት በታች ከሆኑት ልጆች የነባር ሕዝቦች ልጆች 7.7 በመቶ ናቸው፤ በአሳዳጊ ቤት ካሉት መካከል ግን 53.8 በመቶ።

የሙያ ማኅበራችን በ2019 ይቅርታ ጠይቋል። ደግ አደረገ። የኔ ልብ ግን ሲንዲ ብላክስቶክ ጋ ነው። ከነባር ሕዝቦቹ አንዱ የሆነው የጊትክሳን ሕዝብ ልጅ ናት፣ ራሷም ሶሻል ወርከር። የምትመራው ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2007 የፌደራል መንግሥቱን ከሰሰ። መንግሥት ተሟገተ፣ ጉዳዩን አጓተተ። በ2016 የሰብአዊ መብት ችሎቱ ለነዚህ ልጆች የሚመደበው በጀት አነስተኛ ነው፣ ይህም አድልዎ ነው ብሎ ፈረደ። እኔ ዕርቅ የምለው እንዲህ ያለውን ነው። ሻማና ንግግር አያጣም፤ በጀትና ሥልጣን ማስረከብ ላይ ነው ሁሉም የሚያፈገፍገው።

በ2019 ወጥቶ ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ በሚሠራው ሕግ ማኅበረሰቦቹ ስለ ልጆቻቸው የራሳቸውን ሕግ ማውጣት ይችላሉ። እና አሁን ሲሳካ አክስቶች፣ አያቶችና ሽማግሌዎች ተቀምጠው ልጁ ማን ጋ ይሁን ይላሉ። እኔ ለልጁ የሚተኛበት አልጋ አፈላልጋለሁ፣ የኪራይ ድጎማ እጠይቃለሁ፣ ወረቀት ሳሯሩጥ እውላለሁ።

እናንተ ጋስ? ልጅ ዘመድ ጋ ሲቀመጥ ክፍለ ከተማው ለዘመድየው የሚሰጠው ነገር አለ? ዘርዘር አድርገሽ ጻፊልኝ።

ያንቺው፣
ማርታ