አባዬ፣ ስለ እንግሊዙ ሌበር ፓርቲ ላልከኝ መልስ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ እንዴት ሆነ? የእንግሊዝ፣ የሊድስ ብርድ ቀልድ አይደለም ሲሉ እሰማለሁና ካልሲ ደርብ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

የላክህልኝን የድምፅ መልእክት ሱቅ ሆኜ ሰማሁት። እንደ ልማድህ ረዝሟል። "ሕዝቡ ስደተኛ በዛብኝ ካለ ሌበርም በዛ ማለት አለበት፤ ያላሸነፈ ፓርቲ ለድሃ ምን ይጠቅመዋል?" ነው ያልከው። በስልክ ብመልስልህ መጯጯሃችን አይቀርም፣ እህቴ ደግሞ ከሌሊት ፈረቃ ገብታ የምትተኛበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ልጻፍልህ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራልህ።

መጀመሪያ የምስማማበትን ልናገር። ድምፅ ፍለጋ ወደ መሃል መጠጋት አዲስ ነገር አይደለም፣ ነውርም አይደለም። የቀድሞው የሌበር መሪ ቶኒ ብሌር ያደረገው እሱን ነው። በ1995 የፓርቲውን ደንብ አራተኛ አንቀጽ፣ ያንን የማምረቻ መሣሪያዎች የጋራ ይሁኑ የሚለውን፣ አስቀየረ። ያንተ ትውልድ እንደ ጸሎት በቃሉ የሚያውቀውን ማለት ነው። በ1997 ደግሞ 418 የፓርላማ መቀመጫ ይዞ ገባ። እና አንተ "ይኸው ሠራ" ትላለህ። ሠርቷል፣ አልክድም። ግን ያኔ ውድድሩ በዋናነት በሁለት ፓርቲ መካከል ነበር። ወግ አጥባቂዎቹ የሰለቹት የመሃል መራጭ ዞር ሲል ሌበርን ያገኛል፤ ግራ ያለው ደግሞ ቢናደድም መሄጃ ስለሌለው አኩርፎም ቢሆን ይመርጠዋል።

ዛሬ መሄጃ አለው። አረንጓዴዎቹ አሉ፣ ሊበራል ዴሞክራቶቹ አሉ፣ ስኮትላንድና ዌልስ የየራሳቸው ፓርቲ አላቸው። በቀኝ በኩል ደግሞ የናይጄል ፋራጅ ፓርቲ፣ ሪፎርም፣ ቆሟል፣ እሱ ከስደተኛ ሌላ ወሬ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሌበር አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ባለ ቁጥር ከዚያ የሚያገኘውን ብቻ ሳይሆን ከኋላው የሚያፈሰውንም መቁጠር ነበረበት። አማካሪዎቹ የመጀመሪያውን ብቻ የሚቆጥሩ ይመስለኛል።

የሆነውን እይ። በ2024 ሌበር ከመራጩ ድምፅ 33.7 በመቶ ብቻ አግኝቶ 411 መቀመጫ ወሰደ። ሰፊ ግን ስስ ድል። በ2025 ሜይ ወር በአካባቢ ምርጫ ሪፎርም 677 ወንበር ጠራርጎ ወሰደ፣ ራንኮርን በሚባል ቦታ የነበረውን የማሟያ ምርጫ ደግሞ ሌበርን በ6 ድምፅ በልጦ አሸነፈ። በስድስት! ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የሌበሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ስታርመር ብቅ ብሎ ሀገሪቱ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ሰው የሚኖርባት ደሴት እንዳትሆን እሰጋለሁ አለ፣ በዚያው ቀን ጠንካራ የስደት ፖሊሲም ወጣ። ንግግሩን ወር ከምናምን ቆይቶ "ባልተናገርኩት" ብሏል። ፖሊሲው ግን አልተነሳም።

እና ድምፁ መጣ? ኦክቶበር ላይ ኬርፊሊ የምትባል የዌልስ ከተማ የማሟያ ምርጫ ነበራት። ሌበር መቶ ዓመት የኖረባት፣ የማዕድን ቆፋሪዎች ሀገር። ፕላይድ ካምሪ የሚባለው የዌልስ ፓርቲ 47.4 በመቶ አገኘ፣ ሪፎርም 36፣ ሌበር 11። አስራ አንድ በመቶ አባዬ! ሪፎርምን የፈለገው ሪፎርምን መረጠ፣ ሪፎርምን የፈራው ደግሞ ፊት ለፊት የሚቃወመውን ፈልጎ ሄደ። ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይሄ ነው።

የስደተኛው ቁጥር ራሱ እኮ ወርዷል። ከገባው ሰው ላይ የወጣው ሲቀነስ በ2023 መጀመሪያ አካባቢ በዓመት ከ900 ሺህ በላይ ነበር፤ እስከ 2025 አጋማሽ በነበረው ዓመት 204 ሺህ ብቻ ሆነ። ያመሰገነ የለም። መንግሥት ራሱ በየሳምንቱ ስለ ስደተኛ እያወራ ሰው ጉዳዩ ቀለለ ብሎ እንዴት ያምናል? ሰዉ የተናደደበት የቤት ኪራይ፣ የሆስፒታል ወረፋ፣ የተዘጋ ሱቅ ያው እንዳለ ነው። ንዴቱ የውሸት ነው እያልኩህ አይደለም።

ፈረንሳይን በአጭሩ። የቀኝ አክራሪዎቹ መሪ የነበረው ሽማግሌው ለፔን "ሰው ከቅጂው ይልቅ ዋናውን ይመርጣል" ይል ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤት ላለው እንደ እኔ ዓይነት ሰው ይሄ ባይዋጥለትም ልክ ሳይሆን አይቀርም። ሳርኮዚ በ2007 የለፔንን ንግግር ወስዶ የፕሬዚዳንት ምርጫውን አሸነፈ። በ2012 የለፔን ልጅ ማሪን 17.9 በመቶ ይዛ ተመለሰች፣ በ2022 ሁለተኛው ዙር ላይ 41.5 ደረሰች። ጀርመንም የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ሜርዝ በ2025 ጃንዋሪ በስደት ጉዳይ ከቀኝ አክራሪው ፓርቲ ከኤኤፍዲ በመጣ ድምፅ ፓርላማ ውስጥ ሐሳብ አሳለፈ። በቀጣዩ ወር ምርጫ ፓርቲው አንደኛ መውጣቱ እውነት ነው። ኤኤፍዲ ግን 20.8 በመቶ አገኘ፣ ከ2021ዱ እጥፍ።

አሁን "ዴንማርክስ?" ትለኛለህ። ዴንማርክ እውነትም ጠንካራው ምሳሌህ ነው። እዚያ ሶሻል ዴሞክራቶቹ፣ የሌበር ዓይነት ፓርቲ ናቸው፣ ግማሽ መንገድ አልሄዱም፣ ጥገኝነት ከሚጠይቅ ሰው ከ10 ሺህ ክሮነር በላይ የሚያወጣ ንብረት ይወረስ የሚለውን የ2016 ሕግ ሳይቀር ደግፈዋል። በ2015 21 በመቶ የነበረው የቀኝ አክራሪ ፓርቲ በ2019 ወደ 8.7 ወረደ፣ የሶሻል ዴሞክራቶቹ መሪ ሜተ ፍሬድሪክሰንም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነች። እዚህ ድረስ ያንተ ነው። ግን የሶሻል ዴሞክራቶቹ የራሳቸው ድምፅ ከ26.3 በመቶ ወደ 25.9 ነው የሄደው፣ ማለትም አላደገም። በ2022 ያ የቀኝ ፓርቲ ጭራሽ ከሰመ ሲባል ሌላ አዲስ የቀኝ ፓርቲ 8.1 በመቶ ይዞ ገባ። በ2025 ኖቬምበር ደግሞ ሶሻል ዴሞክራቶቹ ከመቶ ዓመት በላይ የያዙትን የኮፐንሃገን ከንቲባነት አጡ፣ የወሰደባቸውም ከእነሱ የባሰ ግራ የሆነ ፓርቲ ነው። የሎንዶኖቹ ሰዎች እንግዲህ ይህንን ነው እንደ ምሳሌ የወሰዱት።

ይሄ ሁሉ ለእኔ የሩቅ ሀገር ወሬ ቢሆን ደስ ባለኝ። አራት ኪሎ ቁጭ ብዬ የራንኮርን ምርጫ መዘዝ በየቀኑ ሱቄ ድረስ ይመጣልኛል። ባለፈው አንዲት ልጅ የኬር ጊቨር (የአረጋውያንና የሕሙማን እንክብካቤ) ኮርስ ሰርተፍኬቷን በላስቲክ ጠቅልላ መጣች። ስካን አድርግልኝና ለኤጀንቴ በቴሌግራም ላክልኝ አለች። ለእንግሊዝ ነው። የኬር ሠራተኛ ቪዛው በር ከ2025 ጁላይ ጀምሮ ከውጭ ለሚቀጠር አዲስ ሰው ተዘግቷል እኮ ብላት ኤጀንቱ "ሊከፈት ነው" ብሏታል። ከእኔ ይልቅ እሱን አመነች። ስካኑን አደረግኩላት፣ ሂሳብ አልተቀበልኳትም። ከጀርባዋ ደግሞ ሁለት ልጆች ባንክ ስቴትመንት ይዘው ተሰልፈው "እንግሊዝ ተዘጋ እንዴ?" እያሉ ይሳሳቃሉ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን አንተ ይህን ሁሉ የምትለኝ የእህቴ ሶፋ ላይ ተቀምጠህ መሆኑ ነው። እሷ ስትሄድ አምስት ዓመት ሠርተሽ ቋሚ መኖሪያ ታገኛለሽ ነው የተባለችው። በ2025 ኖቬምበር የሌበር መንግሥት ያቀረበው ሐሳብ ለብዙው ሰው 10 ዓመት፣ ለእንደ እሷ ዓይነት የኬር ሠራተኛ 15 ዓመት ይላል፣ ገና ፈቃዱን ያላገኙትን፣ እዚያው ያሉትንም ሊነካ ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ሽማግሌ ስታገላብጥ፣ ስታጥብ፣ መድኃኒት ስታስውጥ የምታድር ልጅ ናት። የምታጥባቸው ሰዎች ማንን እንደመረጡ አትጠይቅም። ላንተ አትነግርህም እንጂ ለእኔ ነግራኛለች፣ ደክሟታል። "ለድሃ ምን ይጠቅመዋል" ላልከው፣ ድሃዋ እኮ እዚያው ቤት አለችልህ።

ደግሞ ይሄን ጨዋታ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። መኢሶን ደርግን ቀርበን መስመር እናስይዘዋለን ብሎ ሂሳዊ ድጋፍ ሲሰጥ ወጣት ነበርክ። በእኛ ነሐሴ 1969 ያው መኢሶን ኅቡዕ ገባ፣ ኃይሌ ፊዳም ተያዘ። ሌበር መኢሶን ነው፣ ፋራጅም ደርግ ነው አልወጣኝም። እዚያ የሚሞት የለም፣ ምርጫ ነው። ግን ጠንከር ያለውን በእሱ ቋንቋ እያወራሁ እመራዋለሁ የሚል ሰው ሲያጋጥምህ አንተ ቀድመህ መሳቅ ነበረብህ። (ይህን የጻፍኩት ትንሽ ላናድድህም ነው።) የኛን ሀገር ምርጫ እዚህ አልጨምርም፣ የኛዎቹ ወዴት እንደሚዞሩ በግራና በቀኝ አይለካም።

የጡረታ ደብተርህን አድሼዋለሁ፣ አታስብ። እህቴ ፊት ግን "ስታርመር ልክ ነው" ማለቱን ተው። መልስህን በድምፅም ቢሆን ላክ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ከዴንማርክ ሌላ ምሳሌ ካለህ ንገረኝ።

ልጅህ፣ ከአራት ኪሎ