ዋንዛው እንዳይቆረጥ

ጅማ፣ የካቲት

እህት ዓለሜ፣ እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው?

ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብሽ። ሥራው አልሆን ብሎኝ ነበር። በደወልሽ ቁጥር «እንዴት እየሄደልሽ ነው?» ትይኛለሽ፤ የምመልሰው አጣሁ። አፈርኩ። ዝምታው ሲረዝም ደግሞ ስልክ ማንሳቱ የባሰ ከበደኝ። ይቅር በይኝ።

ባለፈው ሳምንት ሂርማታ ገበያ ወንድምሽን አገኘሁት። አባባ እዚሁ ጅማ አጠገብ ማና ያለው ቡናቸው «ፀሐይ ያግኝ» ብለው ጥላ የሚሆኑትን ዛፎች፣ ዋንዛውንና ብርብራውን፣ ሊያስቆርጡ ነው አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኔ የምለካው የቡና ቅጠል ትንፋሽ ነው። ቅጠሉን ከዛፉ ሳልቆርጠው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ቆንጠጥ አድርጌ እይዘዋለሁ። ገብቶ የሚወጣው አየር ስንት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደተወሰደ፣ ስንት ውሃ እንደተነነ ይነግረኛል። ከዚያ ቁጥሩን ከሞዴሉ ጋር፣ ቅጠል በብርሃን ምግቡን በምን ፍጥነት እንደሚሠራ ከሚተነብየው ስሌት ጋር፣ ማስታረቅ ነው። ሞዴሉን ፋርኳር፣ ፎን ኬመረርና ቤሪ በ1980 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ቡና ስታፈዪ ውሃው ፈልቶ ቡናው ካልተወቀጠ ትጠብቂያለሽ፤ ተወቅጦ ውሃው ካልፈላም ያው ነው። ቅጠልም እንዲሁ። ከብርሃን የሚመጣ ጉልበት አለ፤ ካርቦኑን የሚይዝ ሩቢስኮ የሚባል ኢንዛይምም አለ። ፍጥነቱን የሚወስነው የዘገየው ነው።

የኔ ስሌት ጠዋት ልክ ይመጣል፣ ከሰዓት ይስታል። ቅጠሉ ከሚሠራው በላይ ይተነብያል። አንዱ ጥፋት የአየር ግፊቱ ነበር፤ የባሕር ጠለልን አስገብቼ ኖሯል፣ ጅማ ላይ ግን አንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። አረምኩት። ከሰዓቱ አሁንም አልገጥም አለ።

መልሱ የተገኘው ከቅጠሉ ሆድ ነው። የቡና ቅጠል መተንፈሻ ቀዳዳዎቹ፣ ስቶማታ የምንላቸው፣ በታች በኩል ብቻ ናቸው። ፀሐይ በቀጥታ ያረፈበት ቅጠል ከአየሩ በላይ ይግላል። በዚያ ላይ የበጋው ከሰዓት ደረቅ ነው። አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ለማስገባት በመቶ የሚቆጠሩ የውሃ ሞለኪውሎች ይወጡበታል። ስለዚህ ውሃውን ለማዳን በሩን ይዘጋል። ያኔ ካርቦኑም ደጅ ይቀራል። ብርሃኑ ሞልቶ ተርፎ ሥራው ይዳከማል። ሩቢስኮም በካርቦኑ ፈንታ ኦክስጅን መያዝ ያበዛል፣ ጉልበት ይባክናል። የአየሩን ድርቀት በደንብ ሳስገባ ከሰዓቱም ገጠመ። ብቻዬን ቁጭ ብዬ እንባዬ መጣ። ያኔ መጀመሪያ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።

ጥላው ከሄደ የአባባም ቡና ከሰዓት እንዲሁ በሩን ይዘጋል። እባክሽ ደውይላቸው። ቡና ከዚህ ከእኛው ጫካ፣ ከዛፍ ሥር የወጣ ተክል ነው። ጥላ ሲበዛ ምርት እንደሚቀንስ አልክድም። በመስኖና በማዳበሪያ ያለ ጥላ የሚያለሙም አሉ። እሳቸው ግን መስኖ የላቸውም። ቅርንጫፉን ያሳሱት፣ ግንዱን ግን አይንኩት። ዋንዛ ለመተካት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ከኔ በላይ ያውቃሉ።

ቅዳሜ መሣሪያውን ይዤ ማና እሄዳለሁ። ጥላ ሥር ያለውንና ፀሐይ ላይ ያለውን ቅጠል ከሰዓት አብረን እንለካለን፤ ቁጥሩን በዓይናቸው ያዩታል። እስከዚያ መጥረቢያ እንዳያስገቡ አደራሽን።

ናፋቂሽ